ሳትጠየቅ የተሰጠች

«ኢንጂነር! ኧረ ኢንጂነር! ቆመ!»

ህሊና ጩኸቱን ስትሰማ ገና ሁለተኛውን ጉርሻ አልዋጠችም ነበር። የምሳ ዕቃዋን ክዳን ጓ አድርጋ ዘጋችና ተነሣች። ወይ አበሳ! መተማ ዮሐንስ ዳር ያለው ይህ የሰሊጥ ማበጠሪያ ፋብሪካ ጠዋት ሻይ ስትጠጣ አይቆምም፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጣ ስታዛጋ አይቆምም፤ ምሳ ስትቀርብ ግን ጠብቆ ይቆማል። የፋብሪካው ሲኒየር የጥገና ኢንጂነር ከሆነች ወዲህ ትኩስ ምግብ በልታ የጨረሰችበትን ቀን አታስታውስም። እናቷ ወይዘሮ ወለተሥላሴ «ልጄ ብረት አግብታ ቀረች» እያሉ ለጎረቤት የሚያማርሩት ወደው አይደለም።

የቆመው ኤሌቬተሩ ነው። ሰሊጡን ከታች ከጉድጓዱ በትንንሽ ባልዲ እየቀዳ ወደ ማበጠሪያው አናት የሚያወጣው ረጅም የብረት ማማ ነው፤ እሱ ከቆመ ፋብሪካው በሙሉ ቆመ ማለት ነው። ህሊና ጎንበስ ብላ ብረቱን በጣቷ ነካ አደረገችና ቶሎ ሰበሰበችው። እጅ አያስነካም።

«ኩሽኔታው ነው አይደል?» አለ ካሊድ፣ ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረውን የብረት ቀለበት እያመለከተ። ካሊድ የመካኒኮቹ አለቃ ነው፤ ጠጉሩ ሸብቷል፣ ስትናደድ ማየት ደስ ይለዋል።

«ኩሽኔታው ነው እንጂ! በክረምት፣ ፋብሪካው ተኝቶ ሳለ፣ አልቋል አላልኩም? አልለመንኩም? አልጮህኩም?»

«ጮኸሻል። እኔም ነበርኩ።»

«ምን አሉኝ?»

«'ሰሊጥ በሌለበት ምን አስጨነቀሽ' አሉሽ።»

የፋብሪካው ባለቤት አቶ ገሰሰ ስለ ጥገና የሚያውቁት ሁለት መልስ ብቻ ነው። በክረምት ስትጠይቃቸው «ሰሊጥ በሌለበት ምን አስጨነቀሽ?» ይላሉ። በመኸር ስትጠይቃቸው ደግሞ «ሰሊጡ ይለፍና» ይላሉ። ከሁለቱ የተረፈ ወር ካለ ህሊና እስካሁን አላገኘችውም። አሁን ደግሞ ኅዳር ነው፤ የገበሬውን ሰሊጥ የጫነ መኪና በፋብሪካው በር ተሰልፎ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ አቶ ገሰሰም ከቢሯቸው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ምን እየጠበቃችሁ ነው?» እያሉ ይጮኻሉ።

አዲሱ ኩሽኔታ ግን መጋዘን ውስጥ አለ፤ የጠፋው ማሽኑን አቁሞ የመግጠም ፈቃድ ነበር። ያስመጣው ታጠቅ ነው፤ የአቶ ገሰሰ ልጅ፣ የመኪኖቹና የጭነቱ ኃላፊ። ከአባቱ ተደብቆ ጎንደር ድረስ አዝዞ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ በእጇ አስቀመጠላት። ሌላው ወንድ ለሚወዳት ሴት ሽቶ ይገዛል፤ ይኸኛው ኩሽኔታ ሰጣት። ህሊናም ሽቶ ቢሰጧት ያን ያህል ደስ አይላትም ነበር። እንባዋ መጥቶ፣ ዞር ብላ ግራሶ የነካ እጇን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን አጥቁራ ነው ወደ ሥራዋ የተመለሰችው።

ፍቅራቸው የጀመረው በቁጣ ነው። ታጠቅ አንድ ቀን አንገቱ ላይ ፎጣ ጥሎ በሚሽከረከረው የማሽን ቀበቶ፣ በቺንጊያው አጠገብ ሲያልፍ፣ ህሊና «ወይ ፎጣውን አውጣ፣ ወይ አንተ ውጣ!» ብላ ጮኸችበት። የባለቤቱን ልጅ እንዲያ ብሎ የተናገረው ሰው አልነበረም። ፎጣውን አወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኑን ከእሷ ላይ ማንሣት ተሳነው፤ ከመኪና ሚዛኑ ማዶ ሆኖ ሲያያት ይሰማታል፣ ስታየው ደግሞ ሹፌር መሳደብ ይጀምራል። በየስርቻው ተገናኙ፣ በስልክ አመሹ፣ ቃል ተገባቡ። «ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። የቀረው ለአባቱ መንገር ብቻ ነበር። አቶ ገሰሰ ግን ለልጃቸው ያሰቧት ሌላ ናት፤ አብደራፊ ላይ ሰፊ እርሻና ትራክተር ያላቸው የወዳጃቸው ልጅ። ቱታ ለብሳ ብረት የምትፈታ ተቀጣሪ ምራት ትሆናለች ብሎ የሚነግራቸው ሰው ብርቱ መሆን አለበት።

ታጠቅ ደግሞ ብርቱ አልነበረም።

* * *

ብረቱ እስኪበርድ ምንም አይሠራም። ህሊና በር ላይ ወዳለው የረቢዓ ዳስ ሄደች። ረቢዓ ለፋብሪካው ሰው ሁሉ ሻይና ከርከዴ የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን የማይከፋ ሴት ናት፤ የህሊናና የእናቷም ጎረቤት ናት።

«ቁጭ በይ እስቲ። ፊትሽ እሳት መስሏል፤ ቀዝቃዛ ከርከዴ ልቅዳልሽ።»

ብርጭቆውን ሳታነሣው ታጠቅ መጣ። እንዳጋጣሚ የመጣ ለመምሰል መጀመሪያ ረቢዓን ሰላም አላት። ማንን ሊያታልል እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

«ተቆጥተሻል» አለ፣ በርጩማ ስቦ።

«አልተቆጣሁም።»

«ስትቆጪ ነው እንዲህ ቀስ ብለሽ የምታወሪው።»

«ታጠቅ፣ ነገርከው?»

ታጠቅ ወደ መኪኖቹ ተመለከተ፣ ወደ ሰማይ ተመለከተ፣ ጫማውን ተመለከተ። ያልተመለከተው የእሷን ዓይን ብቻ ነበር።

«አየሽ፣ ዛሬ አባዬ አይነኬ ሆኗል። ሰልፉን እያየሽው ነው። በዚህ ሁካታ መሀል እንዴት ብዬ ላንሣው? ሰሊጡ ይለፍና…»

«እንዳትደግማት!» ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ጓ ብሎ ከርከዴው ተደፋ። «እቺን ቃል ባንተ አፍ እንዳልሰማት! አምና ሰሊጡ ይለፍና፣ ካቻምና ሰሊጡ ይለፍና! አባትህ ማሽኑን፣ አንተ እኔን! ሁለታችሁም ጆሮ የምትሰጡት ሲሰበር ብቻ ነው!»

«እወድሻለሁ እኮ፣ ህሊና።»

«ለማን ነገርክ?»

«ላንች።»

«እኔማ አውቄዋለሁ! የማያውቀውን ሰው ንገር!»

«ወላሂ እውነቷን ነው» አለች ረቢዓ፣ ጠረጴዛውን እየጠረገች።

«አንችን ማን ጠየቀሽ?» አለ ታጠቅ።

«ማንም። ግን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያልሰማው አባትህ ብቻ ነው።»

ህሊና ተነሣች። ሊከተላት፣ እጇን ሊይዝ፣ «ነይ አሁኑኑ አብረን እንንገረው» ሊላት ይችል ነበር። ይህን እየጠበቀች በዝግታ ሄደች፤ እንዲደርስባት ብላ ነው በዝግታ የሄደችው። አልደረሰባትም። ዘወር ብላ ስታይ አንገቱን ደፍቶ የተደፋውን ከርከዴ ያያል። አዘነችለት፤ ደግሞም ልትመታው ፈለገች።

* * *

ህሊና ወደዚህ ፋብሪካ ስትመጣ ይዛው የመጣችው አንድ ሕግ ነበር። ማሽን ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ ማብሪያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ጓጉንቸሩን የሚፈታው የቆለፈው ሰው ብቻ ነው፣ ሌላ ማንም አይነካውም፣ ባለቤትም ቢሆን። መጀመሪያ «ማሽኑን ሌባ ይወስደዋል እንዴ?» ብለው ሳቁባት። ኋላ ለመዱት፤ ቀዩ ጓጉንቸር ከተንጠለጠለ በአጠገቡም አያልፉም።

ያን ከሰዓት እንደ ልማዷ ቆለፈች። ከካሊድ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው አሮጌውን ኩሽኔታ አወጡ፣ አዲሱን አስገቡ። የቀረው ቡሎኑን ማጥበቅና ባልዲዎቹ ሥር የተከመረውን ሰሊጥ መጥረግ ነበር። ካሊድ ክንዱን እስከ ትከሻው ወደ ውስጥ ከቶ ሰሊጡን ያወጣል። ህሊና ሌላ የቡሎን ማጥበቂያ ቺያቬ ልታነሣ መሰላሉን ሁለት እርምጃ ወጥታለች።

ማሽኑ ተነሣ።

ምንም ማስጠንቀቂያ አልነበረውም። ቺንጊያው ጮኸ፣ ባልዲዎቹ ተንቀሳቀሱ፣ ካሊድ «ያ ረቢ!» አለ። ህሊና ከመሰላሉ ላይ ራሷን ጥላ የኮሌታውን ጨርቅ ጨብጣ ወደ ኋላ ሳበችው፤ እጅጌው ተቦጭቆ ከባልዲው ጋር ወደ ላይ ሄደ። ክንዱ ወጣ። ጣቶቹ አሉ። እሷ ከማሽኑ ጎን ያለውን ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ በቡጢ መታችው። ማሽኑ ቆመ።

«አለህ?»

«አለሁ» አለ ካሊድ፣ ክንዱን አቅፎ። «አለሁ፣ አለሁ። አልሐምዱሊላህ።»

መሰላሉን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ማብሪያው ጋ ስትደርስ ጓጉንቸሯ ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል። አቶ ገሰሰ ፊታቸው አመድ መስሎ ግድግዳ ተደግፈዋል። ታጠቅ አጠገባቸው ቆሟል፤ የብረት መቁረጫው በእጁ ነው።

«ረቢዓ ዳስ ስትጠጭ… አይቼሽ…» አሉ አቶ ገሰሰ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ። «ማሽኑን ቆልፋ እስካሁን እዚያው ተቀምጣለች ብዬ… ሰው ያለበት አልመሰለንም…»

«ማነው የቆረጠው?»

አቶ ገሰሰ ዓይናቸውን ከተቆረጠው ጓጉንቸር ላይ አሸሹ።

«ማነው የቆረጠው ነው የምለው!»

ታጠቅ አባቱን አየ። መቁረጫውን ከፍ አደረገ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ህሊና አየችው። ልትጮህ ነበር፤ የምትጮኸው ቃል ግን ከየት ይምጣ? ለሹፌር፣ ለመካኒክ፣ ለአቶ ገሰሰ የሚሆን ቁጣ ነበራት፤ ለዚህ ግን አልነበራትም።

«እኔ ነበርኩ ውስጡ» አለች በቀስታ። «ካሊድ ነበረ። እኔም ነበርኩ፣ ታጠቅ።»

ጓንቲዋን አውልቃ ጣለች፤ ካሊድን ደግፋ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። መንገዱን ሙሉ አላለቀሰችም። የወደደችው ሰው አንድ ጊዜ ቢደፍር፣ የደፈረው በእሷ ላይ ነው፤ ይኸ ነው ያንገበገባት።

* * *

ከዚያ በኋላ ፋብሪካው አልተነሣም። የተናጋውን ማስተካከል የሚችል ሰው ጠፍቶ፣ የመኪናው ሰልፍ እስከ ዋናው መንገድ ወጣ። ህሊና ስልኳን ዘግታ ቤቷ ተቀመጠች። እናቷ ቢጠይቋት «አሞኛል» ትላለች። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ባላቸው ሲሞት ከአዘዞ ወደ ቆላው የወረዱት ለልጃቸው ሲሉ ነው፤ ሙቀቱን ይረግማሉ፣ ትንኙን ይረግማሉ፣ ዋናው ጭንቀታቸው ግን አንድ ነው። ሐብሐብና ዓሣ ይዞ ብቅ የሚለው ያ ታጠቅ የሚባል ልጅ ሽማግሌ የሚልከው መቼ ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ካሊድ መጣ። ክንዱ በፋሻ ታስሯል፤ የፊቱ ቀለም ግን ተመልሷል።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አለ። «የቆረጠው ታጠቅ አይደለም።»

«ራሱ አመነ እኮ።»

«ዘበኛው አይቷል። የቆረጡት ራሳቸው ገሰሰ ናቸው። ልጁ 'አባዬ ተው' እያለ ሮጦ ሲመጣ እሳቸው ቆርጠው ማብሪያውን ተጭነውታል። መቁረጫውን ከእጃቸው ነጠቀ፤ አንች የደረስሽው ያኔ ነው።»

ካሊድ ይህን ተናግሮ ፊቷ ይፈታል ብሎ ጠበቀ። ህሊና ግን ብድግ አለች።

«ይባስ!»

«ምኑ ነው የባሰው?»

«አባቱ ፊት አንዲት ቃል ከሚናገር፣ እኔ እንደ ገዳዬ ሳየው መኖርን መረጠ! ካሊድ፣ ይኸ ሰው እኔን ለማጣት ድፍረት አለው፤ አባቱን ለማስቀየም ግን የለውም!»

ካሊድ ራሱን አከከ። «እንዲህ ስታስቢው…» አለና ተነሣ።

ሲሄድ በሩን ዘግታ ተደገፈችው። ታጠቅ እንዳልቆረጠው ማወቋ ደረቷን አቅልሎላታል፤ መቅለሉ ራሱ አናደዳት።

* * *

እሑድ ረፋድ ላይ ረቢዓ እየሮጠች በአጥሩ በር ገባች፤ የተጠቀለለችበት የሱዳን ልብስ፣ ቶቧ፣ ከትከሻዋ ተንሸራቶ መሬት ይጠርጋል።

«እማማ ወለተሥላሴ! መጡ! መጡልዎ! ሽማግሌዎች! ጋቢ ለብሰው፣ በታጠቅ መኪና!» አለችና እልልታዋን አቀለጠችው።

«በሥላሴ!» ወይዘሮ ወለተሥላሴ ከመደቡ ላይ ዘለው ወረዱ። «ነጠላዬን! አንች ልጅ ፊትሽን ታጠቢ! ያን የተቀደደ ሸሚዝ አውልቂ!»

ህሊና የምትይዘውን አጣች። ሽማግሌ? ታጠቅ? ሳይነግራት? «ደፈረ» አለች በልቧ። «የማይረባ፣ አንጀት የሚያቃጥል፣ በመጨረሻ ደፈረ።» ተቆጥታለች፤ ብትቆጣም ፀጉሯን ሁለት ጊዜ ፈትታ አሰረች።

የከተማው የታወቁ አስታራቂዎች አቶ አምባውና ሐጂ ሙሐመድጣሂር ደጁ ላይ ደርሰው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ቤቶች፣ እንደምን አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ግቡ፣ ግቡ፣ አረፍ በሉ!»

«ቆመን ነው የምንናገረው» አሉ አቶ አምባው።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ይህን ቃል ያውቁታል። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ወጉ ደግሞ ለመጀመሪያ ቀን የመጣን «ከዘመድ እንምከርበት» ብሎ መመለስ ነው፤ ቶሎ የሰጠ ልጁን አቃለለ ይባላል። ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ግን ስንት ዘመን የተጠበቀ እንግዳ ደጅ ቆሞ፣ ፀሐዩ እያቃጠለው፣ ማን ወግ ያስታውሳል?

«ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ የመጣንበት ጉዳይ…»

«አትድከሙ!» አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። «አውቄዋለሁ። አትቁሙብኝ። ሰጥቻለሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ወልዳ ትሳም፣ ከብዳ ትታይ!»

ረቢዓ እልልታዋን ደገመችው።

አንዲት ቅጽበት፣ አንዲት ብቻ፣ ህሊና ደስ አላት። ሐሳቧ ሳይቀድማት ልቧ ደስ አለው፤ መላ ሰውነቷን ደስ አለው። ከዚያ የሐጂ ሙሐመድጣሂርን ፊት አየች። መሬት መሬት እያዩ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሐቸውን፣ ይቆጥራሉ። አቶ አምባው ሳል ያልነበራቸው ሰውዬ ይስላሉ።

«አቶ አምባው» አለች ህሊና። «የመጣችሁት ለምንድን ነው?»

«እእ… ልጄ… እንግዲህ…»

«ይንገሩኝ።»

«የመጣነውስ ስለ ጓጉንቸሩ ነበር። ገሰሰ ጥፋታቸውን አምነው ልከውናል። በመኪናው ውስጥ ሆነው እስኪጠሩ ይጠብቃሉ። ካሊድን ጠዋት አስታርቀናል። አንችም ይቅር ብለሽ ፋብሪካው እንዲነሣ…»

«የምን ጓጉንቸር?» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

ልጃቸውንና ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ አዩ።

«ስለ ማሽን ነው የመጣችሁት?» ድምፃቸው አነሰ። መደቡን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። «እኔ… እኔ ልጄን ሳትጠየቅ… ሰጠሁ?» ነጠላቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ።

በሕይወቷ ሁሉ ህሊና እናቷ እንዲህ ሲያፍሩ አይታ አታውቅም። የታገሠችው ሁሉ፣ ኩሽኔታው፣ ሰልፉ፣ ሁለቱ መልስ፣ የተደፋው ከርከዴ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። በባዶ እግሯ ወደ ውጭ ወጣች። ታጠቅ መኪናው በር አጠገብ ቆሟል፤ አቶ ገሰሰ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ና ግባ!» አለች። «አንተ! ና ግባና ያዋረድካትን እናቴን እያት!»

ታጠቅ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ግን ሮጦ ገባ። የእናቷን የተሸፈነ ፊት፣ የሽማግሌዎቹን ዝምታ፣ በአጥሩ በኩል አፏን የያዘችውን ረቢዓን አየ። ቅድም ከመኪናው ሆኖ የሰማው እልልታ ትርጉሙ አሁን ገባው። ወይዘሮ ወለተሥላሴ እግር ሥር ተንበረከከ።

«እማማ፣ ይማሩኝ። እነዚህን ሽማግሌዎች ገና ድሮ መላክ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እርስዎ አልተሳሳቱም፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት።»

«አሁን ነው ያስታወስከው?» አለች ህሊና። «እናቴ ስላለቀሰች? ለጽድቅ ነው የምትወስደኝ?»

«ጓጉንቸሩን እኔ አልቆረጥኩም፣ ህሊና።»

«አውቃለሁ! ካሊድ ነግሮኛል! ይበልጥ ያቃጠለኝ እሱ አይደል እንዴ! ቆርጠኸው ቢሆን ተሳስቶ ነው እል ነበር። ምንም ሳታጠፋ ልታጣኝ ተስማማህ! አባትህ እንዳይከፋው ብለህ!»

«አባቴን እፈራዋለሁ» አለ ታጠቅ። ፊቱ ቀላ፣ ግን ዓይኑን አልሰበረም። «በዚህ ዕድሜዬ እፈራዋለሁ። ይኸው፣ ተናገርኩት።»

«እኔ ምን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ድምጿ ተሰበረ። «እናቴ ሰጥቻለሁ ስትል ደስ አለኝ። ስለ ጓጉንቸሩ ሳላስብ፣ ስለ ቁጣዬ ሳላስብ፣ ደስ አለኝ! ልቤ ዘለለ! ከዚያ ስለ ማሽን ነው አሉኝ። እሱን ነው ይቅር የማልልህ፣ ታጠቅ። ሌላውን ሁሉ እተውልሃለሁ፤ ያቺን ደስታዬን ግን እንዴት አድርጌ ልተውልህ?»

ደጁ ላይ ጥላ ወደቀ። አቶ ገሰሰ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ ሳይጠሩ ነው የመጡት። ሁሉንም ሰምተዋል፤ የህሊና ጩኸት እንኳን ለመኪናው ከድንበር ማዶ ላለችው ለጋላባትም ይሰማ ነበር።

ታጠቅ ተነሣ። አባቱን ፊት ለፊት ገጠማቸው።

«አባዬ፣ ህሊናን እወዳታለሁ። እስካሁን ደበቅኩህ። የአብደራፊዋን ልጅ አላገባም። ብትቆጣም፣ ከቤትህ ብታስወጣኝም፣ ሐሳቤ አይለወጥም።»

አቶ ገሰሰ ባርኔጣቸውን አጣጠፉ። መንጋጋቸው ይንቀሳቀሳል፤ የለመዱትን ጩኸት የሚፈልጉ ይመስላሉ።

«ያን ቀን 'እኔ ነኝ' ሲል ዝም አልኩ» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «ልጄ ጥፋቴን ሲሸከም ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አይወርድልኝም።» ወደ ህሊና ዞሩ። «አንችም በክረምት ነግረሽኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን እውነቱን ፊት ለፊቴ የሚነግረኝ ሰው ስለማይገኝ፣ ሲገኝ ጠላት ይመስለኛል። ሰው ልገድል ነበር፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ህሊና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቢጮኹባት ታውቅበት ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም።

አቶ ገሰሰ ወደ መደቡ ቀረቡና ጎንበስ አሉ።

«ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ እውነት ነው። የሰጡኝን ግን አይመልሱብኝ።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። አቶ አምባው ሳላቸው ለቀቃቸው። ረቢዓ አየር ስባ አፏን ስትከፍት፣

«ቆይ! ቆይ እስቲ!» ብላ ህሊና ጮኸች። እልልታው ጉሮሮ ላይ ቀረ። «ምንድን ነው ይኸ? እናቴ ሰጠች፣ እርስዎ ተቀበሉ፣ ረቢዓ እልል አለች! እኔን ማን ጠየቀኝ? ከእናንተ መሀል እኔን የጠየቀኝ ማን ነው?»

ሐጂ ሙሐመድጣሂር ሙስበሐቸውን መቁጠር አቆሙ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ በእነሱ ዘመን ይህን የጠየቀች ሙሽራ አልገጠመቻቸውም።

ታጠቅ ወደ እሷ መጣ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። በአባቱ ፊት፣ በእናቷ ፊት፣ በሽማግሌዎቹ ፊት እጇን ያዘ።

«እኔ ልጠይቅሽ። ህሊና፣ ታገቢኛለሽ ወይ?»

አየችው። ይኸ ሁሉ ጊዜ፣ ይኸ ሁሉ ንዴት፣ ለዚህች ለአንዲት አጭር ጥያቄ ነበር። ደግሞ እንዴት ቀላል ናት! ምን ነበር ያኔ ቢጠይቃት? በዳሱ ሥር ቢጠይቃት፣ ኩሽኔታውን በሰጣት ቀን ቢጠይቃት?

«አሁንም ተቆጥቻለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ነገም እቆጣለሁ። ከነገ ወዲያም።»

«ተቆጪ።»

«እንደገና አንድ ነገር አባትህን ፈርተህ ብትደብቀኝ…»

«አልደብቅሽም።»

ልትቀጥል አፏን ከፈተች፤ የምትጨምረው ቁጣ አጣች። ዓይኗ ሞላ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ፈሰሰ። እጇን ከእጁ ልትነጥቅ ሞከረች፤ ጣቶቿ ግን እሺ አላሏትም።

«እሺ!» አለች። «እሺ ብያለሁ! በቃ፣ አሁን ሁላችሁም ውጡልኝ፣ ላልቅስበት!»

ማንም አልወጣም። እሷም አለቀሰች።